60 ካርቶን ፍለጋ፦ ከወደብ እስከ መጨረሻው መጋዘን

የተሰጠኝ ሥራ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። «የመጋዘን ሠራተኞችን የዲጂታል ክህሎት ማሳደግና የዳታ ጥራትን ማሻሻል» ይላል። ስድስት ቀን፣ አራት ማረፊያ፣ አንድ ላፕቶፕ። ልወጣ ስል ግን አለቃዬ ጠራኝና በሩን ገርበብ አደረገው።

«60 ካርቶን ጠፍቷል። እያሠለጠንክ በዚያውም ዓይንህን ከፈት አድርግ» አለኝ።

ካርቶኑ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠው ሕክምናዊ አልሚ ምግብ ነው። በትንሽ ከረጢት የታሸገ፣ ከለውዝ የሚሠራ ለስላሳ ነገር። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ይመዝናል፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በአንድ ካርቶን 150 ከረጢት አለ። አንድ ልጅ እስኪያገግም በግምት አንድ ካርቶን ይጨርሳል። 60 ካርቶን ስንት ልጅ እንደሆነ ለማስላት ማሽን አያስፈልግም።

የተጠረጠረችው የመጨረሻው ማከፋፈያ ጣቢያ ስቶር ኪፐር ነች። ሲስተሙ 180 ካርቶን ገብቶላታል ይላል። ሄደው የቆጠሩት ሰዎች ግን የወጣውንም የቀረውንም ቢደምሩ 120 ብቻ አገኙ። ነገሩ ገና በደብዳቤ አልወጣም። በኮሪደር ግን ወጥቷል።

ቀን 1፦ ወደብ

ሙቀቱ ገና በማለዳ ልብስ ከገላ ጋር ያጣብቃል። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ደረስኩ። በሩ ላይ አንድ ቆጣሪ ቆሟል። የያዘው እርሳስና በሰሌዳ ላይ የተጣበቀ ወረቀት ብቻ ነው። ጫኞቹ አንድ ካርቶን ባሳለፉ ቁጥር አንድ ጭረት ያሰምራል። አራቱን አቁሞ አምስተኛውን ያጋድማል። ሰላም ስለው መልስ አልሰጠኝም። ጣቱን ብቻ ከፍ አደረገ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ለካ እየቆጠሩ መናገር እዚህ ነውር ነው። መጨረሻ ላይ 600 ብሎ ጻፈ። ሌላው ሰው ከመኪናው ላይ ቆጥሮ 600 አለ። ሁለቱ ተያዩና ፈረሙ።

ቢሮ ገባሁ። ስካነር አለ ተብዬ ነበር፣ እውነትም አለ። መሳቢያ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይላጥ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል።

ስካነሩ ስለተኛ አንድ ወጣት ካርቶኖቹ የተደረደሩባቸውን የእንጨት መደቦች፣ የፓሌቶቹን፣ መለያ ቁጥር በእጁ ወደ ኤክሴል ይገለብጣል። ቁጥሩ 18 አሃዝ ነው። ጂ ኤስ ዋን የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው ደረጃ ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ የቀሩት 17ቱ በትክክል መጻፋቸውን ማረጋገጫ ናት። ልጁ ጥንቅቅ ያለ ነው። ሁለት ሁለት ጊዜ ያያል። ግን የኢንተር ቁልፉን በተጫነ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ዜሮ ይሆኑበታል። ኤክሴል በቁጥርነት የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው፣ ከዚያ ያለፈውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። ስለዚህ የተለያዩ ፓሌቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ቁጭ ብለዋል። ልጁ ራሱን ሲጠራጠር ከርሟል። «ዓይኔ ነው ብዬ ነበር» አለኝ። ሴሎቹን አስቀድሞ ወደ ቴክስት መቀየር ብቻ ነበር። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ይህችን አንድ ደቂቃ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ሌላ ያስተዋልኩት ነገር ዌይቢሉን፣ ከዕቃው ጋር የሚሄደውን የጭነት ሰነድ ነው። በካርቦን አራት ቅጂ ይጻፋል። የላይኛው እንደ ጥሩ ፎቶ ጥርት ያለ ነው። አራተኛው እንደ ህልም ነው። የላይኛውን ሹፌሩ ይዞት ይሄዳል፣ አራተኛው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጥራዙ ላይ የቀረው ነው አሉኝ። ደብተሬ ላይ አስፍሬ ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቀን 2፦ መንገድ

ቀኑን ሙሉ ከ600ዎቹ ካርቶኖች ጋር ተጓዝኩ። ሹፌሩ ሃያ ዓመት በዚህ መስመር ሠርቷል። መኪናው ላይ የት እንዳለ የሚናገር መሣሪያ ተገጥሟል። እሱ ግን በየቆምንበት ከፀሐይ መከላከያው ሥር ትንሽ ደብተር እያወጣ ሰዓት፣ ኪሎ ሜትርና ጭነቱ የታሸገበትን የሲል ቁጥር ይጽፋል።

«መሣሪያው እያለ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«መሣሪያው መኪናውን ነው የሚጠብቀው። ደብተሩ እኔን ይጠብቀኛል» አለ።

ከዚህ በኋላ ብዙም አላወራንም። እኔ ግን ስለ አርሜኒያ እያሰብኩ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቢያንስ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ ወደዚያ ጎርፏል። ከመድኃኒቱ ወዲያው ለመጠቀም የተመቸው 30 በመቶ ገደማ ነበር። ምን እንደመጣ በቅጡ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል። መድኃኒቱ አገሩ ገብቷል፣ ግን የለም ማለት ነው። ስሙ፣ ብዛቱና የሚያበቃበት ቀን ያልታወቀ ዕቃ መጋዘን የሚያጣብብ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲህ በላቲን አሜሪካ የፓን አሜሪካን ጤና ድርጅት ሱማ የሚባል የዕቃ መመዝገቢያ ዘዴ አስፋፋ። የእኛ ሙያ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ክምር ሥር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ቀን 3፦ ማዕከላዊው መጋዘን

ትልቅ ነው። ፎርክሊፍቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ድምፁ ቀድሞት ይጠፋል። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቶች ተሰቅለዋል። ቆጠርኳቸው፣ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም «የሰብዓዊ እርዳታ ሎጂስቲክስ» ወይም «ዳታ ማኔጅመንት» ይላሉ። ሁሉም የአንድ ሰው ናቸው፣ የመጋዘኑ ኃላፊ።

ዳታውን የምታስገባው ግን ሌላ ልጅ ነች። አንድም ምስክር ወረቀት የላትም። ሥልጠና ሲመጣ አበል አብሮት ይመጣል፣ አበል ሲመጣ አለቃ ይሄዳል። ይህንን የማያውቅ የእርዳታ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። ልጅቷ የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው ማታ ማታ ከስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው። ስታሳየኝ ደግሞ እኔ የማላውቀው አቋራጭ ሁለት አገኘሁ።

ችግሩን ራሷ ዘረዘረችልኝ። የመጀመሪያው ስም ነው። ሲስተሙ ውስጥ ገብታ ፈለገች። «ብርድ ልብስ»፣ «ብርድልብስ»፣ «ብላንኬት»፣ «ብላንኬት ግራጫ»፣ «ብርድ ልብስ አዲሱ»። አምስቱም አንድ ዕቃ ናቸው፣ እንዲያውም አንድ ክምር። «ብርድልብስ» የሚለው ዜሮ ስለሚል በቅርቡ ሌላ ብርድ ልብስ እንዲገዛ ተጠይቋል። ክምሩ ከኋላዬ እስከ ጣሪያው ደርሷል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የፈለገውን ሲያጣ የራሱን ስም ጨመረ። መፍትሔው አንድ ዕቃ፣ አንድ ኮድ፣ አዲስ ስም መጨመር የሚችልም አንድ ሰው ነው። ለመናገር ቀላል ነው። ለማስተካከል ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጠን የዝርዝሩን ሩብ ብቻ ጨረስን።

ሁለተኛው ቀን ነው። 03/04 ተብሎ የተጻፈ የማብቂያ ቀን ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? እንደ ላኪው አገር ነው፣ እንደ ኮምፒውተሩ ቅንብርም ነው። እንደ ኢትዮጵያና ኔፓል የራሳቸው አቆጣጠር ባላቸው አገሮች ደግሞ ጣጣው ይጨምራል። በመጋዘን ሥራ ውስጥ ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ የሚል ሕግ አለ። ቀኑ ከተገለበጠ ሕጉም ይገለበጣል። ልጅቷ የራሷን ዘዴ አውጥታለች። ወሩን ሁልጊዜ በፊደል ትጽፋለች፣ ዓመቱን በአራት አሃዝ። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። አንዴ ሳሙና ቀኑ ተገልብጦባት መወገድ አለበት የሚል ትእዛዝ መጣና በቁሟ ደነገጠች።

ሦስተኛው የባች ቁጥር፣ ማለትም ዕቃው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለይበት ነው። እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። በመሃሉ የእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል ያለበት ባች አለ። ከፊደሉ በፊት 12፣ ከፊደሉ በኋላ 4። ኤክሴል ይህንን የሒሳብ አጻጻፍ ነው ብሎ ያምናል፣ 120,000 ያደርገዋል። ብቻችንን አይደለንም። የሰው ዘረ መል ስሞችን የሚያጸድቀው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የስም መመሪያውን ሲያወጣ፣ ኤክሴል ቀን እያደረጋቸው ያስቸገሩ ስሞችን መቀየሩን አሳውቋል። «ማርች 1» የሚባል ዘረ መል ነበር፣ የወሩ የመጀመሪያ ቀን እየሆነ ይመዘገብ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ኤክሴልን ማሸነፍ አቅቷቸው የዘረ መሎቹን ስም ቀየሩ።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የነበረው ፐብሊክ ሄልዝ ኢንግላንድ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርቱ ወድቀውበታል። ምክንያቱ የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነው፤ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። ሲሞላ አይጮህም፣ አይቀላም። ዝም ብሎ ይቆርጣል። ይህንን ለልጅቷ ስነግራት ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። ትልልቆቹም እንዲህ ከሆኑ የእኔ ምንም አይደል ማለቷ ይመስለኛል።

ማታ ኃላፊውን አገኘሁት። በሚቀጥለው ሥልጠና ልጅቷ ትሂድ አልኩት። «እናያለን» አለ። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ቀን 4፦ የክልሉ መጋዘን

ዋናው የሥልጠና ቀን ይህ ነበር። አዳራሽ ተዘጋጅቷል፣ ፕሮጀክተር ተሰቅሏል፣ 64 ስላይድ ይዣለሁ። መብራት ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሠልጣኞቹን ሁሉ ይዤ ወደ መጋዘኑ ወረድኩ።

ሁለት ሁለት ሆነው ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ከዝርዝሩ ተነስቶ ዕቃውን ይፈልጋል። ሌላው ከዕቃው ተነስቶ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ያያል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጎደለውን ያወጣል፣ ሁለተኛው ያልተጻፈውን። ሲስተሙ የሚለውን ቁጥር ግን ለማንም አላሳየሁም። አንዱ አጉረመረመ። ነገር ግን ቁጥሩን ቀድሞ ያየ ሰው የሚቆጥረው ቁጥሩን እንጂ ካርቶኑን አይደለም። ክምሩን ከፊት አይቶ «አዎ፣ ይህን ያህል ይሆናል» ይላል። መሃሉ ባዶ የሆነ ክምር ያየሁት አንድ ጊዜ አይደለም።

የመጋዘኑ ስቶር ኪፐር ጡረታ የቀረባቸው ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ተከተልኩ። «ጋሼ ኮምፒውተር አይችሉም» ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮኛል። እውነትም ላፕቶፑ ፊት ሳስቀምጣቸው ማውሱን እንደ ትኩስ ፍም ያዙት። ጠቋሚው ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ።

«ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም፣ ልጆቹ ይሥሩት» አሉ።

እረፍት ላይ ግን አየኋቸው። ከኪሳቸው ስማርት ስልክ አውጥተው ለልጃቸው የድምፅ መልእክት ላኩ፣ ገንዘብ አስተላለፉ፣ ደረሰኙን በስክሪን ሾት ያዙት። አንድም ጊዜ አልተደናበሩም። የጎደላቸው የዲጂታል ክህሎት አይደለም። ማውስ ነው የጎደላቸው። ስለዚህ ላፕቶፑን ዘጋሁትና የቆጠራ ቅጹን በኮቦ ቱልቦክስ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ እርዳታ ጥናት ቡድን የወጣ፣ ኔትወርክ ሳይኖርም የሚሞላ መሣሪያ ነው። አሥር ደቂቃ አልቆዩም። ሦስት ክምር መዝግበው «ቀጥሎስ?» አሉኝ።

ከዚያ ውጤቱን ገጠምነው። ሳሙና ልክ። ጄሪካን ሁለት ጎደለ፣ ሁለት የተሰነጠቀ ጥግ ላይ ተገኘ። ሸራው ልክ። አልሚ ምግቡ ጋ ስንደርስ ሲስተሙ 412 ካርቶን አለ። ቡድኑ የቆጠረው 472 ነው። እንደገና ቆጠሩ፤ ያው 472። ክምሩ ላይ የተንጠለጠለውን፣ የገባው፣ የወጣውና የቀረው የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ገለበጥኩት። በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ 472።

ልዩነቱ 60 ነው። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ዳታ የሚያስገባው ወጣት ዓይኑን ሰበረ። ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ። ልዩነቱን ከሁለት ወር በፊት አይቶታል። «ጎድሎ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር። ትርፍ ስለሆነ ዝም አልኩ» አለኝ። ገባኝ። በጉድለት ሰው ይከሰሳል፣ በትርፍ ማንም አይጠየቅም። ትርፍ እንዲያውም ነገ ለሚመጣ ጉድለት መሸፈኛ ተደርጎ ይቀመጣል። ትርፍ ግን የሌላ ሰው ጉድለት ነው። እዚህ መጋዘን በዝቶ የተገኘው ሌላ ቦታ የአንዲት ሴት ስም ሆኗል።

ወደ መጨረሻው ጣቢያ የተላከው ዕቃ የተጻፈበትን የዌይቢል ጥራዝ አስወጣሁ። አራተኛው ቅጂ፣ ያ እንደ ህልም ያልኩት። ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 1 አለ፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ 0።

«ታዲያ 180 ብለህ እንዴት አስገባህ?»

«አልነበብ ሲለኝ ሲስተሙን ከፈትኩ። ጣቢያው 180 ተቀበልኩ ብሏል። ስለዚህ 180 ነው ብዬ…»

ቢን ካርዱ ከቢሮው 30 እርምጃ አይርቅም። ጋሼ በዚያ ቀን 120 አወጣሁ ብለው ጽፈዋል። ግን እሳቸው ቢሮ አይመጡም፣ እሱም መጋዘን አይወርድም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሁለት ወር ሳይተዋወቁ ቆዩ።

60ው አልጠፋም ማለት ነው። ከዚህ ወጥቶም አያውቅም። ለአለቃዬ ልደውል ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ጣቢያው ራሱ ለምን 180 ተቀበልኩ አለ? ይህ አልተፈታልኝም። ያልተቀበሉትን ተቀበልን ማለት ደግሞ ከመስረቅ የባሰ ጥርጣሬ ይጠራል።

ቀን 5፦ የመጨረሻው ጣቢያ

መንገዱን ልለፈው። ወገቤ ያስታውሰዋል።

መጋዘኑ ትልቅ ነጭ ድንኳን ነው። ውስጡ ከምጠብቀው በላይ ሥርዓት ያለው ነበር። ካርቶኖቹ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ተደርድረዋል፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው። ስቶር ኪፐሯ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ቢሮ ሳለሁ «እሷ» እያልኩ ነበር የማወራው። ሳያቸው «እርስዎ» ሆኑ። ስለ ሥልጠና ነው የመጣሁት ስላቸው ፈገግ አሉ። አላመኑኝም።

ደብተራቸውን ጠየቅሁ። የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ በማስመሪያ አምድ የተሠራለት። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። በተባለው ቀን 120 ካርቶን ይላል። ከጎኑ በትንሹ ማባዣ ተሠርቷል፤ 120 በ150፣ 18,000።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከረጢት ነዋ። እኔ ካርቶን ለማን እሰጣለሁ? ልጁ ተመዝኖ በክብደቱ ነው የሚታዘዝለት። ለዚህ ሕፃን በቀን ሁለት፣ ለዚያኛው ሦስት። ሳምንቱን አስቤ በከረጢት ነው የማድለው። በካርቶን ብጽፍ ሥራዬን እንዴት አደርጋለሁ?»

ከቢሮ የተላከውን ታብሌት አመጡ። በሶላር ይሞላል፣ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ሲወጡ ሪፖርቱ ይሄዳል። ቅጹን ከፈትኩት። አምስተኛው ጥያቄ «የተቀበሉት ብዛት» ይላል። ባዶ ሳጥን። ካርቶን አይል፣ ከረጢት አይል። ብዛት ብቻ።

«ምን ብለው ሞሉ?»

«18,000» አሉ። የላኩትን ሁሉ በቀን በቀኑ በሌላ ደብተር ጽፈው ይዘዋል። 18,000። «180 የሚባል ቁጥር ከእኔ አልወጣም፣ ልጄ። ሰዎቹ መጥተው ሲቆጥሩም ነግሬያቸዋለሁ። ሲስተሙ ነው ያለው አሉኝ።»

ዝም አልኩ። የዚያ ሲስተም ሰው እኔ ነኝ።

ቅጹን አብረን እስከ ታች አነበብነው። እዚህ ጋ ጊዜ ወሰድኩ፣ ምክንያቱም ቅጹ ቢሮ ውስጥ ሳየው በጣም ያምር ነበር። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ካልተሞላ አያሳልፍም። የተበላሸ ዕቃ ስንት ነው ይላል። ገና ካልቆጠሩ ባዶ መተው አይቻልም፣ ስለዚህ 0 ይጽፋሉ። ዜሮና አላውቅም አንድ ሆኑ ማለት ነው። ሌላ ጣቢያ 999 የሚጽፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ እንኳ ይሻላል፣ ውሸት መሆኑ ያስታውቃል። ብድር የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሴትዮዋ ከቆጠራው በኋላ 20 ካርቶን ከጎረቤት ጣቢያ ተበድረዋል። ለምን? ባለፈው ዙር ድልድል ስለተዘለሉ። ለምን ተዘለሉ? ሲስተሙ 60 ካርቶን ትርፍ አላቸው ስለሚል።

ልንለያይ ስንል አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ከላክሁት በኋላ ማን ነው የሚያነበው?»

መልስ አልነበረኝም። «በየወሩ እልካለሁ። አንድ ቀን እንኳ ደረሰን ያለኝ የለም። ለዚህ ነው ደብተሬን የማልጥለው» አሉ።

ሹፌሩ ትዝ አለኝ።

ቀን 6፦ መመለሻ

ከመኪና ወርጄ ቀጥታ ወደ ዳታ ክፍል ገባሁ። ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚይዝ መዝገብ አለው፤ ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም። ከፈትነው። 18,000 ነበር፣ በሁለተኛው ቀን 180 ሆኗል። የቀየረው ልጅ ከጎኔ ተቀምጧል።

አልካደም። «18,000 ካርቶን አንድ ድንኳን ውስጥ? ጣት ደርቦ ዜሮ የጨመረ መስሎኝ ነው። ሁለት ዜሮ ብቀንስ ልክ የሚሆን መሰለኝ» አለ። ጥርጣሬው ትክክል ነበር፤ ያንን ቁጥር ሳይጠራጠር ያሳለፈ ሰው ቢኖር እሱን ነበር የምወቅሰው። ግን ከጠረጠረ በኋላ መደወል ሲገባው አስተካከለው። ለምን አልደወልክም አልኩት። የስቶር ኪፐሮቹ ስልክ ቁጥር ሲስተሙ ውስጥ የለም። የጣቢያዎቹ የካርታ ነጥብ እስከ ስድስተኛ ዴሲማል አለ። ስልክ ቁጥር የለም።

የተሳሳተ ግምት ጥላ የወደቀበትን ወረቀት አስነበበ፣ ወረቀቱ ደግሞ ግምቱን አጸደቀው። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ቁጥር ስላስገቡ ሲስተሙ «ተጣጥሟል» ብሎ አረንጓዴ አበራ።

ቅጹን ለማስተካከል 15 ደቂቃ በቃን። «ብዛት» ጠፋ። በምትኩ «ስንት ሙሉ ካርቶን?» እና «ስንት ነጠላ ከረጢት?» ገቡ። የከረጢቱን ድምር ሲስተሙ ራሱ አባዝቶ ያሳያል፣ ሴትዮዋ ከደብተራቸው ጋር እንዲያስተያዩት። «ገና አልቆጠርኩም» የሚል ምርጫ ገባ። የብድር ረድፍ ገባ። ሪፖርቱ ሲደርስ «ደርሷል፣ የመዘገብነው ይህን ነው» የሚል አጭር መልእክት ወደ ላኪው ስልክ እንዲመለስ አደረግን። ለዚያ የሁሉንም ስልክ ቁጥር መሰብሰብ ነበረብን፤ ገና አልጨረስንም። የዌይቢሉ አራተኛ ቅጂ ግን እስካሁን አራተኛ ቅጂ ነው። በስልክ ፎቶ ይያዝ ብዬ ጽፌያለሁ። እናያለን ተብያለሁ።

አለቃዬ ሰምቶ «ጥሩ፣ ተዘጋ በለዋ» አለ። ለሴትዮዋ ማን ይነግራቸዋል ስለው «አንተ ንገራቸው» አለ። ደወልኩ። ኔትወርክ አልነበረም። ማታ እሳቸው ከኮረብታው መልሰው ደወሉልኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «የተዘለልኩት ዙርስ?» አሉ። ድልድሉን ለሚሠሩት ጽፌ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

የቀረው ሲስተሙ ላይ 60 ካርቶን ወደ ክልሉ መጋዘን መመለስ ነበር። አስገባሁት። ምክንያቱን ካልመረጥክ አይቀበልም። ዝርዝሩን ከፈትኩ። ስርቆት፣ ብልሽት፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ሌላ። «እኛው ተሳስተን» የሚል ፈልጌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄድኩ።

«ሌላ» የሚለውን ነካሁ።